የማይታየው እሳትና የእናቴ መጥረጊያ

አባቴ ቤንዚን በአፉ እየሳበ ሲቀዳ ያረጀ ሰው ነው። ቱቦውን ከአንዱ መኪና ታንከር ወደ ሌላው ሲያሻግር አንድ ጉንጭ ካመለጠው እንትፍ ይልና ሲጋራውን ካቆመበት ይቀጥላል። ከወጥ ቤታችን በር ጀርባ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጠው ቤንዚን የሞላ ቢጫ ጀሪካን አለ። እናቴ የሽንኩርት ዘንቢሏን የምታስቀምጠው በዚህ ጀሪካን ላይ ነው። እኔ በዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት የሚቀጣጠሉ ጋዞችን ደህንነት ስለሆነ፣ ጀሪካኑ ከቤት እንዲወጣ ብዙ ጊዜ ለምኛለሁ። አባቴ የሚመልስልኝ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እማዬ፣ ይኼ ጀሪካን እዚህ ቤት የገባው ካንቺ በፊት ነው።»

እንግዲህ ሃይድሮጅንን የፈራው ይህ ሰው ነው።

አባቴ የታክሲ ሾፌር ነው። አረንጓዴ መብራት ሲያይ እንኳ ቀስ ስለሚል ጓደኞቹ «ፍሬን» ይሉታል። ያረጁ የቤንዚን ታክሲዎች ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ መንገድ ላይ እንዳይወጡ ሲወሰን፣ የእሱ ታክሲ ማንም ሳይከራከርላት ከሚታገዱት ውስጥ ገባች። ታክሲዋ በዕድሜ ታላቅ እህቴ ትሆናለች። በምትካቸው እኔ የምሠራበት ድርጅት የመጀመሪያዎቹን የሃይድሮጅን ታክሲዎች ሊያቀርብ ሆነ። በሾፌሮቹ ስብሰባ ላይ «መጀመሪያ ማን ይውሰድ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ወትሮ በአንድ ተሳፋሪ የሚናጠቁት ሰዎች በድንገት ጨዋ ሆኑ። አንተ ቅደም፣ ኧረ አንተ ቅደም ተባባሉ። በመጨረሻ አንዱ ተነሣና፣ «የፍሬን ልጅ እዚያ አይደለችም እንዴ የምትሠራው? የገዛ አባቷን ታፈነዳለች?» አለ። በዚህ ማስረጃ አባቴ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ።

የዚያን ዕለት ማታ ማዕድ ላይ እንደተቀመጥን አባቴ፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ይፈነዳል አይፈነዳም?» አለኝ።

«አባዬ፣ በአግባቡ ከተያዘ አይፈነዳም። ታንከሩ ከመኪናው አካል ሁሉ የሚጠነክረው ክፍል ነው። ቢያመልጥም ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ወጥቶ ይበተናል። ቤንዚን ነው መሬት ላይ ተኝቶ ክብሪት የሚጠብቀው።»

«ቤንዚን ይሸታል። ሲመጣ መጣሁ ይላል። ያንቺው ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ እሳቱ እንኳ ቀን ቀን አይታይም አልሽ። ይኼ ነዳጅ ነው ወይስ ጋኔን? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«ታዲያ ያንተ ሰይጣን ከወጥ ቤቴ ይውጣልኛ!» አለች እናቴ።

አባቴ እንዳልሰማ ሆነ። መኪናውን እምቢ ካለ በአዲሱ ዓመት ሾፌር አይደለም፤ ሌላ ሥራ ደግሞ አያውቅም። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አላነሣነውም።

«እሺ፣ እወስዳለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ አጠገቤ ትቆሚያለሽ። አንድ ነገር ካየሽ ትናገሪያለሽ። ጮክ ብለሽ ነው ታዲያ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። በቤታችን ውሃ ሲጠማኝ እንኳ ሰው ዞር ብሎ እስኪያየኝ የምጠብቀው እኔ ነኝ። እናቴ በዚህ ጠባዬ ስትናደድ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ትለኛለች፤ አባቴ ደግሞ «ተያት፣ ዝም አይነቅዝም» እያለ ይከላከልልኛል። ጮክ በይ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

«እሺ» አልኩ። ያንንም በቀስታ ነው ያልኩት።

የምሠራበት የሃይድሮጅን ማደያ ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አይደሉም። ማንኛውንም ነገር ማስመረቅ ስለሚወዱ ሠራተኛው በሌሉበት «ሪባን» ይላቸዋል። የመጸዳጃ ቤቱ በር ሲቀየር እንኳ ሪባን አስቆርጠዋል። እኔን የቀጠሩኝ ለደህንነት ጉዳይ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ቀን የነገሩኝ የማልናገራቸውን ቃላት ነው። ፍንዳታ አይባልም። እሳት አይባልም። አመለጠ ማለትም ደንበኛ ያስበረግጋል። ሃይድሮጅኑ ራሱ «ንጹሕ ኃይል» ነው የሚባለው። አንገቴን ደፍቼ ስሰማቸው ደስ አላቸውና፣ «እንዳንቺ ዓይነት የደህንነት ባለሙያ ነበር ስንፈልግ የቆየነው» አሉኝ።

ከመሙያ ማሽኑ ፊት ለፊት፣ ከእሳት ማጥፊያው ጎን፣ አንድ የሣር መጥረጊያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። የሰቀልኩት እኔ ነኝ። የሃይድሮጅን እሳት በፀሐይ ብርሃን ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ እንደ እንጨት እሳትም ከሩቅ ፊትን ገርፎ አያስጠነቅቅም። ሰው ሳያውቀው ገብቶበት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ የድሮ ባለሙያዎች ጋዝ አምልጦ ተቀጣጥሏል ብለው ሲጠረጥሩ መጥረጊያ ከፊታቸው ዘርግተው ነበር የሚራመዱት። የመጥረጊያው ጫፍ ባዶ አየር ላይ ቦግ ካለ እሳቱ እዚያ ነው። ዛሬ እርግጥ ማሽኑን ሳያርፍ የሚመለከት፣ እሳት ሲያይ የሚጮህ ሴንሰር ምሰሶው ላይ አለን። ሴንሰርም ግን ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ የሚጋረድበት ቀን አይጠፋም ብዬ ነበር።

የአባቴ ታክሲ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞላበት የማደያው ምረቃ ሲቃረብ ሥራ አስኪያጁ ግቢውን በክብር እንግዳ ዓይን እየተዘዋወሩ ተመለከቱት። መጥረጊያው ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መጥረጊያ ነው።»

«መጥረጊያ መሆኑንማ አላጣሁትም። እዚህ ምን ይሠራል? የክብር እንግዳው የነገውን ዓለም ሊያዩ መጥተው የሣር መጥረጊያ ይዩልኝ?»

«እሳ...» አልኩና ቃሉን ዋጥኩት። «ንጹሕ ኃይሉ ድንገት... ከመጠን በላይ ሲሞቅ... የት ቦታ እንደሞቀ ለማወቅ ነው።»

«ሴንሰር የለንም?»

«አለን።»

«በቃ!»

መጥረጊያው ዕቃ ቤት ገባ። በቦታው የፕላስቲክ አበባ ተሰቀለ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ደግሞ መሙያ ማሽኑ ላይ ያለው የድርጅቱ ዓርማ ከእንግዶቹ መቀመጫ በኩል እንደማይታይ ተደረሰበት። ወንበሮቹን ማዞር ይቻል ነበር፤ ግን ወንበሮቹ ወደ ጥላው ዞረዋል። ስለዚህ ማሽኑ ዞረ። ቴክኒሻኑ መፍቻውን ይዞ ሥር ሥሩን እየተሽከረከረ፣ «ዓርማው ሲዞር እኮ ቱቦውም አብሮ አንገቱን ይጠመዝዛል» ብሎ አጉረመረመ። የቴክኒሻኑ ቱታ ቆሻሻ ስለሆነ በምረቃው ቀን ከጓሮ እንዳይወጣ አስቀድሞ ተነግሮታል፣ ያጉረመረመው በዚያም ጭምር ይመስለኛል።

እኔ የሳሙና ውሃ በጣሳ ይዤ መጣሁ። መጋጠሚያ ሲነካካ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል፤ ጋዝ የሚያመልጥ ከሆነ አረፋው ይነፋፋል። ከዚህ የቀለለ ምርመራ በዓለም ላይ የለም።

«አይሆንም፣ አይሆንም!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ቀለሙ እኮ አልደረቀም። ነገ ጠዋት እንግዳው ሳይመጡ ታደርጊዋለሽ።»

ማታ ቤት ስገባ ስለ መጥረጊያው ነገርኳቸው። ለሳቅ ብዬ ነበር። አባቴ ግን መብላቱን አቆመ።

«እና እሳቱን በምን ታዩታላችሁ?»

«በሴንሰሩ ነዋ።»

«ሴንሰሩን ማን ያየዋል?»

በማግስቱ ማለዳ እናቴ ግቢውን ልትጠርግ ብትነሣ፣ ገና ማሰሪያው ያልተፈታው አዲሱ መጥረጊያዋ ጠፍቷል። አባቴም ጠፍቷል።

የክብር እንግዶች ሁሉ ያረፍዳሉ። እኛም ፕሮግራሙን የሠራነው በዚህ እውነት ላይ ነው። የኛው ግን ጣሳዬን ይዤ ከግቢው መካከል ሳልደርስ መኪናቸው በሩ ላይ ደረሰች። «አሁን ሳሙናሽን ደብቂ፣ ከንግግሩ በኋላ!» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ በጥርሳቸው መካከል፣ ፈገግታቸውን ሳያጠፉ።

አባቴ አዲሱን ታክሲ እየነዳ ገባ። ኮት ለብሷል። የሃይድሮጅን መኪና ጭስ የለውም፤ ከኋላው የሚወጣው ውሃ ነው፣ ያም ጠብ ጠብ እያለ አስፋልቱን ያርሰው ነበር። ሾፌር ጓደኞቹ የፍንዳታውን ርቀት በየግላቸው ገምተው ከአጥሩ ውጭ ተደርድረዋል።

«ፍሬን! ኧረ መኪናህ ሽንቷን አልቻለችም!» አለ አንዱ።

አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ የዚያ ሰው መኪና ከኋላዋ ስለምታወጣው ነገር እዚህ የማልጽፈውን መልስ ሰጠው። አጥሩ በሳቅ ተናወጠ። አባቴ ግን አልሳቀም። ሲወርድ መዳፉን ኮቱ ላይ ጠረገ።

«አለሽ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አለሁ።»

ቱቦውን ሰክተን መሙላት ጀመርን። በዕቅዱ መሠረት ማሽኑ እየሞላ ሥራ አስኪያጁ ንግግር ያደርጋሉ፣ ሲያበቁ እንግዳው ከማሽኑ ጎን እስከ ምሰሶው የተወጠረውን ቀይ ሪባን ይቆርጣሉ። ንግግሩ ስለ ነገ ነበር። «ነገ» የሚለው ቃል በድምፅ ማጉያው ሲያስተጋባ፣ በሥሩ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን ነው፣ ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ዓይነት።

ቱቦው ከማሽኑ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ አየሁ። ምንም የለም። እንደገና አየሁ። ከመጋጠሚያው በላይ ያለው አየር፣ ቀትር ላይ አስፋልት ላይ እንደሚታየው፣ ይርገበገባል። ከዚያም የሪባኑ ጫፍ ቀስ ብሎ ተሸበሸበ፣ ጠቆረ። ነበልባል የለም፤ ሪባኑ ግን ይቃጠላል።

ሴንሰሩ ለምን አይጮህም? ቀና አልኩ። ሴንሰሩ ባለበት ምሰሶ ላይ፣ ልክ በዓይኑ ፊት፣ ግራና ቀኝ ተወጥሮ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። «ደህንነት ይቀድማል» ይላል። የፊደሎቹን ግድፈት ያረምኩት እኔ ነበርኩ፤ የት እንደሚሰቀል ግን የጠየቀኝ የለም።

«እባክዎ...» አልኩ። ከራሴ ጆሮ አላለፈም።

ንግግሩ አለቀ። እንግዳው መቀሱን ከትሪው አንሥተው ወደ ሪባኑ ዘረጉ። መቀሱ ሳይደርስ ሪባኑ በራሱ ተቆረጠና መሬት ወደቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበም። እንግዳው መቀሱን አገላብጠው አዩና፣ «ይኼ ምን ዓይነት ስለት ነው፣ ሳይነካ የሚቆርጥ!» አሉ። ሥራ አስኪያጁ አፍረው፣ ሪባኑን መልሰው ሊያስሩት ከመሬት አነሡት። እጃቸው ወደ መጋጠሚያው ሄደ።

«እጅህን ሰብስብ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆሜ ስለነበር ከአጥር ውጭ ያሉትም ሰሙት። ሥራ አስኪያጁ እጃቸው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ያስደነገጣቸው እሳቱ አልነበረም፣ «አንተ» መባላቸው ነበር።

ቀዩን የአደጋ ጊዜ ቁልፍ መታሁት። ማሽኑ ቆመ፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ጋዝ ግን ገና ይነድዳል። «እሳት አለ! ሁላችሁም ወደ ኋላ ሂዱ!»

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። እሳቱን በዓይናቸው ፈለጉት፣ አጡት፣ ወደ እኔ ዞረው አዩ። እሳት ጠርቶ እሳት ያላመጣ ሰው ምን ይባላል?

«ምንም የለም፣ ክቡራን» አሉ ሥራ አስኪያጁ እየሳቁ። «ልጅቷ ሰው ፊት ቆማ ስለማታውቅ ነው።»

አባቴም እሳቱን አላየም። ግን እኔ ስጮህ ሰምቷል፤ ለእሱ ከዚያ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም። ዘወር ብሎ የታክሲውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፈተና የእናቴን አዲስ መጥረጊያ አወጣ። ከወንበሮቹ በኩል ሳቅ ተሰማ።

«እንካቺ» አለኝ።

መጥረጊያውን በእጀታው ጫፍ ይዤ፣ ሰውነቴን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ወደ መጋጠሚያው ዘረጋሁት። ባዶ አየር ነበር። ሣሩ አየሩን ሲነካ ቦግ አለ።

ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ወንበሮች ሲወድቁ ሰማሁ። የመጀመሪያው ሯጭ ማን እንደነበረ አልናገርም፤ ሪባኑን ግን እስከ በሩ ድረስ በእጃቸው ይዘውት ሄደዋል።

አባቴ አልሮጠም። የሚነድደውን መጥረጊያ ተቀብሎ መሬት ላይ ረገጠው። ፉጨቱ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። በቀረው ሣር መጋጠሚያውን ዳግመኛ ዳሰስኩት፤ አልተቀጣጠለም። ጠፍቷል።

ያኔ ከበሩ በኩል አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። እንግዳው ነበሩ። «ድንቅ ነው! የማይታየውን እሳት እንዲህ አድርጎ ለሕዝብ ማሳየት! መለማመጃውማ ብዙ ጊዜ ወስዶባችሁ ይሆናል?» ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን አስተካክለው ተመለሱ። «ለደህንነት የማንከፍለው ነገር የለም፣ ክቡርነትዎ» አሉ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡ። ሥራ አስኪያጁ እኔንም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ለእኔ ግን ነገሩ አላለቀም። አባቴ መኪናው አጠገብ ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ቆሟል። ከአጥሩ ውጭ «ፍሬን፣ ተው! ቁልፉን ወርውርላቸውና ውጣ!» እያሉ ይጮሃሉ። ቢወረውረው ማን ይፈርድበታል? ቃሌን ብጠብቅም፣ በቃሌ አምኖ የመጣበት ነገር ዓይኑ ፊት ነድዷል።

ቴክኒሻኑ ቱታውን እንደለበሰ ከጓሮ ወጣ፣ አሁን የከለከለው አልነበረም። ማሽኑን ወደ ቀድሞ አቅጣጫው መለሰና መጋጠሚያውን ቀየረ። ባነሩን አወረድን። የሳሙና ውሃዬን አመጣሁና ቀባሁት። አባቴ ጎንበስ ብሎ አረፋውን፣ ሕፃን ተኝቶ እንደሆነ እንደሚያረጋግጥ ሰው፣ ትንፋሹን ይዞ ተመለከተው። አረፋው ዝም አለ።

«ይኼው ነው?» አለኝ።

«ይኼው ነው፣ አባዬ።»

«ሲያመልጥ ያፏጫል።»

«አዎ።»

«ሲነድድ አየሩ ይርገበገባል።»

«አዎ።»

«እሱን ስታዪ ትጮሂያለሽ።»

«እጮሃለሁ።»

«በቃ፣ አሁን አውቄዋለሁ። ከእንግዲህ ይኼም የማውቀው ሰይጣን ነው» አለና ቱቦውን ራሱ ሰካው።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው አስጠርተውኝ ስለ ጥረቴ አመሰገኑኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በችግር ጊዜም ቢሆን «እጅዎን ይሰብስቡ» ማለት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ጠየቁኝ። ለሁሉም ቅርንጫፎች መጥረጊያ እንዲታዘዝ መወሰናቸውንም ነገሩኝ። ናሙናው ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ሰማያዊ ነው፣ ዓርማ አለበት፣ ያምራል፣ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው።

«ይቀልጣል» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ይቀልጣል! የሣር ይሁን!» አልኩ። ጸሐፊዋ ከውጭ ብቅ ብላ አየችን። ሥራ አስኪያጁ ናሙናውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ሥር አስገቡት።

አባቴ አሁን ሃይድሮጅን ይነዳል። ከመቀመጫው ኋላ ሁልጊዜ የሣር መጥረጊያ ስለሚይዝ፣ ሌሎቹ ሾፌሮች ከመኪናው ጋር የሚሰጥ መስሏቸው «የኛስ መጥረጊያ?» እያሉ ይጠይቁናል። እናቴ ግን እስከ ዛሬ አልበረደላትም። የምረቃው ዕለት ቤት ስንገባ ወገቧን ይዛ በር ላይ ነበር የጠበቀችን።

«አንድ ቀን እንኳ አልጠረግኩበትም!» አለች የከሰለውን ጉቶ እያየች። «ሌባ! በገዛ ቤቴ!»

«ሕይወት አድኗል እኮ» አለ አባቴ።

«ሕይወት በሌላ ሰው መጥረጊያ አይድንም?»

አባቴ እየሳቀ ወጥ ቤት ገባና ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ፣ ሲጋራ አወጣ። የሽንኩርት ዘንቢሉን አንሥቶ ጀሪካኑን እንደ ወዳጅ መታ መታ አደረገው።

«አባዬ፣ አሁንማ ቤንዚን አያስፈልግህም» አልኩ።

«ይቀመጥ። ክፉ ቀን ከመጣ፣ ሃይድሮጅኑ ቢያልቅስ?»

«መኪናህ እኮ ቤንዚን አትጠጣም።»

«እሱማ አትጠጣም» አለና ክብሪቱን ጫረ።

«አባዬ! አጥፋው! ጀሪካኑንም አውጣው! አሁን!»

እናቴ በር ላይ እንደቆመች ደረቀች። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። አባቴ ክብሪቱን እፍ ብሎ አጠፋው፣ ጀሪካኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ከእኔ በፊት እዚህ ቤት መግባቱን ሊነግረኝ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ ተነሣ። በአንድ እጁ ጀሪካኑን አንጠለጠለ፣ በሌላው የከሰለውን መጥረጊያ ከፊቱ ዘረጋና፣ እናቴንም እኔንም በጥንቃቄ እየዞረ ወደ ግቢ ወጣ።